ከግርጌ የቀሩ አራት መስመሮች

የጽሕፈት መሣሪያና የኮፒ ሱቅ የነበረው አባቴ ዶን ኤሊሴዎ ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በያዘው ወረቀት ነበር። ደንበኛው ገና በሩን ሳይረግጥ በእጁ ያንጠለጠለውን አይቶ፣ «ይሄ ከታባቲንጋ ነው፣ ኤፎሩን አምጪ» ወይም «ይሄ ፍርድ ቤት የሚሄድ ነው፣ ረጅሙን» ይለኛል። አይሳሳትም። እኛ ያለንበት ሌቲሲያ ኮሎምቢያ ናት፤ መንገዱን ተሻግረህ ታባቲንጋ ስትገባ ብራዚል ነው፣ ወንዙን በጀልባ ስትሻገር ፔሩ። ሰው ቁርሱን እዚህ በልቶ ምሳውን እዚያ ይበላል፤ ማንም ምን አለህ አይለውም። ወረቀት ግን እንደ ሰው አይደለም። ብራዚልም ፔሩም የሚጽፉት በኤፎር ነው። የእኛ ሰው ለደብዳቤ አጠር፣ ሰፋ ያለውን ይወስዳል፤ ለውልና ለክስ ደግሞ ኦፊሲዮ የሚባለውን ረጅሙን።

አባቴ ከመደርደሪያው ጎን ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ነበረው። መንገደኛ ሁሉ ከአገሩ አንድ ባዶ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እሱ ሁሉንም በላይኛው ግራ ጥግ አስተካክሎ በአንድ ሚስማር ይደራርባቸዋል። ከታች እያለፈ የሚወጣውን ጫፍ ለሰው ማሳየት ይወድ ነበር። የቺሌው ኦፊሲዮ ከእኛው ጋር እኩል ነው፤ የሜክሲኮው በአንድ ሳንቲሜትር ይበልጠናል፤ የሰሜን አሜሪካ ጠበቆች የሚጽፉበት ደግሞ ሁሉንም ያስከነዳል። የኤፎር ጫፍ ግን የእነዚህን ሁሉ ሳይደርስ ከላይ ይቀራል፤ ከእኛው በሦስት ሳንቲሜትር ከምናምን ያጥራል። «ሁለት ጣት ናት» ይላል አባቴ፣ ጣቶቹን ከግርጌው ላይ ጋድም አድርጎ። «ግን ወረቀት ሲቆረጥ የሚቆረጠው ከግርጌ ነው፤ ሰው ደግሞ ስሙን የሚጽፈው ከግርጌ። ረጅሙን በአጭሩ ስትገለብጪ አሳንሺ፣ ኑቢያ። ቸኩያለሁ ቢሉሽም አሳንሺ።»

ሌላም ሕግ ነበረው። የሰው ወረቀት አይነበብም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከቦጎታ ወረቀት የሚያመጣልን አውሮፕላን በዝናብ ምክንያት ሁለት ሳምንት ስለቀረ ረጅሙ አልቆብን፣ አባቴ ወሬ ሊጠይቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ሱቁ ውስጥ የነበረው ከታባቲንጋ የገዛነው ኤፎር ብቻ ነው። ዶን አውሬሊዮ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ዶን አውሬሊዮ ፊደል ላልቆጠሩ የወንዝ ዳር ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀምጦ ታይፕ የሚመታ ሽማግሌ ነበር።

«ኑቢያዬ፣ አንድ ኮፒ፣ ቶሎ! የማናውሱ መርከብ ሁለተኛውን ጡሩምባ ነፍቷል፤ ሰዎቹ ወደብ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።»

«ረጅም ወረቀት የለኝም፣ ዶን አውሬሊዮ።»

«በፈለግሽው አድርጊው! በሙዝ ቅጠልም ቢሆን!»

ማሽናችን ማሳነስ ይችላል። ግን መዘውሩን አዙሮ ሌንሱ እስኪስተካከል ሁለት ደቂቃ መጠበቅ አለ። ሽማግሌው እግሩን እያነሳ ይጥላል፣ ከኋላው ሦስት ሰው ቆሟል። ዋናውን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ክዳኑን ዘጋሁና ተጫንኩ።

ኮፒው ሲወጣ ግርጌው እንደተቆረጠ አየሁ። የመጨረሻው መስመር ፊደሎች ወንዝ እስከ አፍንጫቸው እንደዋጣቸው ሰዎች አናታቸው ብቻ ይታያል። ከዚያ በታች ምንም የለም። አይቼዋለሁ። ዶን አውሬሊዮ ሁለቱን ወረቀቶች ከእጄ መንትፎ ሞተር ላይ ተፈናጠጠ። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። «ከግርጌ ምን ይኖራል፣ ማኅተም ነው» አልኩና ቀጣዩን ደንበኛ «አቤት» አልኩት።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ዶን አውሬሊዮም በዓመቱ ሞተ።

በዚያው ዓመት የገና በዓል ሊደርስ ሰሞን አንዲት የከሳች ልጅ ወደ ሱቃችን መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብታንስ በአንድ ዓመት ነው። የወንዝ ዳር ሰፈሮች የቤት ቁጥር ስለሌላቸው ፖስተኛው ደብዳቤያቸውን እኛ ዘንድ ይተውላቸው ነበር፤ አባቴ በካርቶን ሣጥን ያስቀምጥላቸዋል።

«ዜናይዳ አዋናሪ እባላለሁ» አለች፣ አፏን በነጠላ ጨርቅ ሸፍና። «ከብራዚል ደብዳቤ መጥቶልኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሣጥኑን አገላብጬ አየሁላት። አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር መጣች። ከዚያም በሚቀጥለው። የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የዜናይዳ ቀን ሆነ። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት እንደነበርና ሆስፒታሉ በየቀኑ ኪኒን እያስዋጣት እንደዳነች ሰማሁ። ሥጋ አወጣች፣ ፀጉሯ አማረ፤ ፔሩአዊ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ወደብ ላይ በቅጠል የተጠበሰ ዓሣ መሸጥ ጀመረች። ኤድጋር የሚባል ልጅ ወለደች። እሱን አዝላ መጣች፣ ከዚያ እጁን ይዛ፣ ከዚያ እንደገና ብቻዋን። ሁልጊዜ በትንሽ ከረጢት የካሳቫ ቆሎ ታመጣልኛለች። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውላ ሳህን አጥባለች።

ማን እንደሚጽፍላት ነግራኝ አታውቅም። እኛም ወንድ ነው ብለን ደመደምን። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ «ይሄ ብራዚላዊ ሸዋጅ ነው፣ ተይው፤ እኔ ላግባሽ» ይላታል። አንድ ቀን እኔ ራሴ፣ «ዜናይዳ፣ የዚህ ሰውዬ እጅ የት ሄደ? ፒራኛ የሚሉት ዓሣ በልቶት ይሆን እንዴ?» አልኳት። አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። ሳቀች ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

ሃያ ስድስት ዓመት ተመላለሰች። በመጨረሻው ሰሞን የሳንባዋ ነገር ተመልሶባት መደርደሪያውን ተደግፋ ትንፋሽ ትሰበስብ ነበር፤ ወንበር አወጣሁላት። በአርባ አራት ዓመቷ አረፈች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ አስፋልቱን በሚያጨሰው ሰዓት፣ አንዲት ወጣት ሴት ሱቄ ገባች። ሸሚዟ የተተኮሰ፣ ጫማዋ የከተማ ነው። በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ይዛለች፤ ኤፎር እንደሆነ ከበሩ ለየሁት።

«ዶኛ ኑቢያ እርስዎ ነዎት? የድሮ ወረቀት ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም ብለው ላኩኝ።» ፖርቱጋልኛዋን እያቀለለችልኝ ነው የምታወራው።

«ነኝ። ከፀሐዩ ግቢ ልጄ። ከየት ነው?»

«ከብራዚል፣ ከሳንታሬም። ስድስት ቀን በመርከብ ከማናውስ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ቀን።» ሳቅ አለች። «እግሬ መሬት ላይ ሆኖም ይወዛወዛል። ጁሳራ ቴሌስ እባላለሁ።»

ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት በግራ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ጥቁር መስመር ነው። የእኛ ማሽን መስታወት ጭረት ነው። ቀጥሎ ከሌሎቹ ከፍ እያለ የሚዘልለውን ፊደል አየሁ፤ የዶን አውሬሊዮ የጽሕፈት መኪና። ቀጥሎ ግርጌውን አየሁ።

«ያሳደገችኝ እናቴ አምና ሞተች» አለች ጁሳራ። «ከዚያ በፊት ይህን ሰጠችኝ። አባቴ የጤና ሠራተኛ ሆኖ ታባቲንጋ ተመድቦ ነበርና፣ ሲዛወሩ የታመመች ልጃገረድ እኔን በዚህ ወረቀት አስረከበቻቸው። ስሟን አያውቁትም፤ እህቴ፣ እህቴ ብቻ ነው የተባባሉት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ልጽፍላት ስንት ጊዜ ብዕር አነሣሁ፤ ግን ወዴት ብዬ?› ትል ነበር። እንደሚያዩት ‹ከዚህ በታች ስሟ የተጻፈው እናት› ይላል፤ ከታች ግን የተጻፈ የለም። ደብቃብኝ ይሆን ስሟን? ሆን ብላ ትታው ይሆን? ይህንን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ወረቀቱ ላይ የልጅቱ ስም ሉዝሚላ ይላል። የሰባት ወር ልጅ።

ዶን አውሬሊዮ በሕይወቱ በሺህ የሚቆጠር ወረቀት መትቷል፤ ግማሹን እኔ ገልብጬዋለሁ። ሁሉንም የሚዘጋው በአንድ ዓይነት ነው፦ ስም፣ ሰፈር፣ የአውራ ጣት አሻራ፤ ሰውየው የወንዝ ዳር ሰው ከሆነ ደግሞ «ደብዳቤ በማሴዶ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት በኩል ይድረሰኝ»። ማሴዶ የአባቴ ስም ነው። የሱቄ ስም ነው። ከብራዚል ደብዳቤ ትጠብቅ የነበረችው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ዜናይዳ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

«ዶኛ ኑቢያ? ምን ሆኑ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት። ዐይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። «የት ነው ያረፍሽው? ከሰዓት በኋላ መጥቼ የማውቀውን እነግርሻለሁ።»

እሷ እንደወጣች ሱቁን ዘግቼ ወደብ ወረድኩ። ኤድጋር ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሌቲሲያ ወደ ፔሩ ሰው የሚያሻግር ጀልባ አለው። ሞተሩን ፈታትቶ እያጸዳ አገኘሁት።

«ኤድጋር፣ እናትህ ከአንተ በፊት ልጅ ነበራት?»

እጁ ቆመ። «ማን ነገረሽ? ለእኔ የነገረችኝ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ነው።»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። አውሮፕላኑን፣ ረጅሙ ወረቀት ማለቁን፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ ማየቴን፣ ዝም ማለቴን። ሲሰማኝ አንዴም ቀና አላለም። ስጨርስ እጁን በቤንዚን ጨርቅ ጠረገ፤ ቆይቶ እንደገና ጠረገው።

«ተሸክማኝ ትመጣ ነበር» አለ። «አስታውሳለሁ። ከረሜላ ትሰጪኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አንቺ ‹የለም› ስትያት፣ እሷ ‹ፖስታው ዘግይቶ ነው› እያለች ነበር የምንመለሰው። እስከ ቤት ድረስ።» ተነሣ። «ነይ። ወረቀቱ ቤት አለ።»

ዋናውን ዶን አውሬሊዮ ለእናቲቱ ነበር የመለሰላት። ማንበብ የማትችል ሴት ከልጇ የልደት ወረቀትና ከሆስፒታል ካርዷ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አስቀምጣዋለች። ረጅሙ ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ አልገባ ብሎ ከታች ታጥፏል። ኤድጋር ወረቀቱን ሳይነካ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ሁለታችን ወደ ጁሳራ ማረፊያ ሄድን።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። እህትና ወንድም ሲተያዩ ምንም ማስተዋወቅ አላስፈለገም፤ ያን ሰፊ ግንባር ከወንዝ እስከ ወንዝ ብትፈልግ ሌላ ቦታ አታገኘውም። ግን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተናገርኩ። ለኤድጋር እንደነገርኩት፣ አንድም ሳልቀንስ። በመጨረሻም እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት እንደሆናት ነገርኳት።

«ሁለት ዓመት?» አለች ጁሳራ። «ሁለት ዓመት ብቻ?»

ኤድጋር ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እሷም የራሷን ከላዩ አነጠፈች፤ ጥግ ከጥግ ገጠመች። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ወረቀት ወጣ። ጣቷን እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች፦

«ዜናይዳ አዋናሪ፣ ከእንጨት ወደብ ሰፈር።
ልጄን የሰጠሁት ስለታመምኩ ነው እንጂ ስላልወደድኳት አይደለም።
ስድን እንዳያት ያላችሁበትን ጻፉልኝ።
ደብዳቤ በማሴዶ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት በኩል ይድረሰኝ።»

ሁለቱ የመሐል መስመሮች የዶን አውሬሊዮ አይደሉም። እንደዚያ አድርጎ መትቶ አያውቅም። ልጅቷ ተናግራ፣ ሽማግሌው እንዳለችው የጻፈላት ነው። ከሥሩ ትንሽዬ የአውራ ጣት አሻራ አለች፤ የሕፃን ትመስላለች።

ጁሳራ አልጮኸችም። ጣቷን አሻራው ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቁልፍ ነበረው? የሚያሳንስ?»

«መዘውር ነው። ነበረው።»

«ሁለት ደቂቃ?»

«ሁለት ደቂቃ።»

«እናቴ፣ ያሳደገችኝ፣ ጥላኝ የሄደች ሴት ልጅ ነኝ ብዬ እንዳላድግ ስንት ውሸት ፈጥራልኛለች» አለች። «እዚህ ላይ እውነቱ ተጽፎ ነበር። ለእሷም ለእኔም።» ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «አሁን ይሂዱልኝ እባክዎ።»

ሄድኩ። ኤድጋር ቀረ።

በማግሥቱ መቃብር ሄዱ፤ እኔ አልተጠራሁም። አራት ቀን ሰነበተች። ወደብ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ከወንድሟ ጋር ስትበላ እንዳዩአት፣ ቆሎውን መጀመሪያ ስትቀምስ እንዳነቃትና ሁሉም እንደሳቁ ነገሩኝ። ሱቄን ከፍቼ እዘጋለሁ። ሰው «ኑቢያ፣ ታመሻል እንዴ?» ይለኛል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እንደማፍስ ሆኜ እውላለሁ። ማታ እጄ ባዶ ነው።

መርከቡ የሚነሣበት ቀን ጠዋት ጁሳራ መጣች። ሻንጣዋን በር ላይ ትታ ገባች፣ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

«ይቅር ልልዎት አይደለም የመጣሁት» አለች። «አልቻልኩም። ምናልባት አንድ ቀን፤ አላውቅም።»

«አልጠየቅሁሽም ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ።»

ወደ መደርደሪያው ቀረብ አለች።

«ኤድጋር የእናታችንን ድምፅ መምሰል አይችልም። ሞከረ፤ አቃተው። ከእሱ ቀጥሎ ብዙ የሰሟት እርስዎ ነዎት። እዚህ ስትመጣ ምን ነበር የምትለው? ቃሉን ራሱን ይንገሩኝ።»

ዜናይዳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደብዳቤ መጣ ወይ ብላ ትጠይቅ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ዐረፍተ ነገሩ እያጠረ ሄደ። መደርደሪያው ጋ ደርሳ፣ ቆሎውን አስቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ሣጥኑ ዘንበል ታደርጋለች።

«‹ዛሬስ?› ነበር የምትለው» አልኳት።

«እንዴት አድርጋ?»

«ቀስ ብላ። ‹ዛ› ላይ ትንሽ ጎተት አድርጋ። ሰው እንደማታስቸግር ሆና። ‹ዛሬስ?›»

«እርስዎስ?»

«‹ገና ነው› እላታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«‹እሺ፣ በወሩ ሰኞ እመጣለሁ› ትላለች።»

ጁሳራ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ቃሉን ለራሷ እያለችው ነበር። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። ቻው አላለችኝም።

በዚያ ሳምንት ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ለሃያ ስምንት ዓመት በካርቶን ሣጥኑ ውስጥ ቀርተው ማንም ያልወሰዳቸውን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ሃያ ሦስት ናቸው። በኤድጋር ጀልባ ሳይሆን በሌላ ሰው ጀልባ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ባለቤቶቹን ፈለግሁ። አሥራ አንዱን አገኘሁ። አራቱ ከሞቱ ሰዎች ለሞቱ ሰዎች የተጻፉ ስለነበሩ ልጆቻቸው ተቀበሉኝ። አንዲት ሴት ጸጉሯን ይዛ እየጮኸች ሮጠች፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። ይህ ከዜናይዳ ጋር ምንም አያገናኘው ይሆናል። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ የሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ጁሳራ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ከሳንታሬም መጣች። እኔ የአባቴን መቃብር ልጠርግ ሄጄ ከሩቅ አየኋቸው። ኤድጋር የእንጨቱን መስቀል ነቅሎ የድንጋይ አቁሟል። ስሟ ሙሉ ተጽፎበታል። ትንሿ ልጅ ድንጋዩ ላይ ካልወጣሁ ብላ አስቸገረች፤ እናቷ ቆጣች፣ አጎቷ አንሥቶ አወጣት።

አንድ ጊዜ ኤድጋር ቀና ሲል አየኝ። አልጠራኝም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ሰላምታ። እኔም መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ጁሳራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ሻማዎቹን ከነፋስ እየከለለች። ቆሜ ብጠብቅ ትዞር እንደሆን አላውቅም። አልጠበቅሁም። የአባቴን መቃብር ጠርጌ፣ አበባውን አስተካክዬ፣ በሌላኛው በር ወጣሁ።